«የአገር ምርት ግዙ» ላላችሁን፦ ከአንድ ጠጋኝ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር፣ ለኢንዱስትሪ ሚኒስቴር
ግልባጭ፦ ለኤሌክትሮኒክስ አስመጪዎች፣ ለምጣድ ሠሪዎች፣ ዲቫይደር ቀልጦበት ለሚያውቅ ሁሉ
ጉዳዩ፦ ዋስትና የሌለው ርካሽ ዕቃ አገር ውስጥ አምራቹን ከገበያ እየገፋ ስለመሆኑ

ክቡራን፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ የቤት ዕቃ ጠጋኝ ነኝ። ምጣድ፣ ስቶቭ፣ ካውያ፣ ውሃ ማፍያ፣ ቴሌቪዥን፣ ቻርጀር፣ የተበላሸ ነገር ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል። ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የምጽፈው አብዛኛውን ጊዜ ግብር በዛብኝ ለማለት ነው። የዛሬው ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

በ2014 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ ታምርት» ብላችሁ ንቅናቄ ጀመራችሁ። ደግ አደረጋችሁ። ሚሊኒየም አዳራሽ ያሰናዳችሁትን ኤክስፖ አይቻለሁ። እዚህ አገር ይሠራል ብዬ የማላስበውን ዕቃ ሁሉ አየሁ፤ ደስም አለኝ። ከአዳራሹ ወጥቶ መርካቶ ለሚገባ ሰው ግን ነገሩ ይለወጣል። መርካቶ ላይ «የት ተሠራ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጥያቄው «መጨረሻው ስንት ነው?» ነው።

«የአገራችሁን ምርት ግዙ» የሚለው ምክር ሸክሙን ገዢው ላይ ይጥላል። ገዢው አገሩን ጠልቶ አይደለም የውጭውን የሚያነሳው። ሁለት ዕቃ ፊቱ ተደርድረዋል። የትኛው ዓመት እንደሚቆይ፣ የትኛው በወሩ እንደሚሞት የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ካላወቀ ደግሞ ርካሹን ቢያነሳ ማን ይፈርድበታል? እኔም ብሆን ያንኑ ነው የማደርገው። ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ገዢውን ከመምከራችሁ በፊት ልዩነቱን እንዲያይ አድርጉት፤ የሸጠለትንም ሰው ተጠያቂ አድርጉለት። የቀረውን እሱ ራሱ ይጨርሰዋል።

ዲቫይደርን እንውሰድ። መደርደሪያው ላይ ሁሉም ነጭ ነው። ሁሉም ቀይ መብራት አለው። ጀርባው ላይ «16 አምፒር» ይላል። ሻጩን ብትጠይቁት «ኦርጅናል ነው፣ አትጠራጠር» ይላችኋል። እኔ ጋ ሲመጣ ግን እከፍተዋለሁ። ገመዱ ከውጭ ሲታይ ወፍራም ነው፤ ውፍረቱ የላስቲኩ ነው። ውስጡ ያለው ሽቦ ጥቂት ቀጫጭን ክሮች ብቻ ነው። ማግኔት ሳስጠጋለት አንዳንዱ ይጣበቃል። መዳብ ማግኔት አይስበውም። ያ ማለት መዳብ የተቀባ ብረት ነው። ሌላው ደግሞ ሲፋቅ ነጭ ይሆናል፤ መዳብ እንዲመስል የተለበጠ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክን የሚቋቋመው ከመዳብ አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ነው። በዚያው ውፍረት መዳብ የሚችለውን አይችልም፤ ቶሎ ይግላል።

እዚህ ላይ ምጣድ ይሰካበታል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። 3,500 ዋት በ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 16 አምፒር ይመጣል። ጋገራ ደግሞ እንደ ሻይ ማፍላት አምስት ደቂቃ አይደለም። የሳምንቱ እንጀራ እስኪወጣ ሰዓታት ይፈጃል። መሃል ላይ የላስቲክ ሽታ ይመጣል። ከዚያ ስፒናው ይጠቁራል፣ ቀዳዳው ይቀልጣል፣ ቆጣሪው ይወርዳል። ባለቤትየዋ ምጣዱን ተሸክማ እኔ ጋ ትመጣለች። «ይኼ የአገር ውስጥ ዕቃ እኮ አይረባም» ትለኛለች። ስፈትሸው ምጣዱ ደህና ነው። የተቃጠለው ከውጭ የመጣው ዲቫይደር ነው። ስሙ የጠፋው ግን የአገር ውስጡ ምጣድ ነው።

ይህን በየጊዜው ነው የማየው። ነገሩ ቢያስቅም የገበያችን ታሪክ እዚህ ውስጥ አለ።

ስለ ምጣድ ትንሽ ልቆይ፤ እሱ ላይ ብዙ የምንማረው አለ። እዚህ አገር ከሚሠሩ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ገበያውን ያሸነፈው ምጣድ ነው። ለምጣድ ተብሎ ዘፈን አልተዘፈነም፣ ባነር አልተሰቀለም። ሆኖም በየከተማው፣ መብራት በገባበት ሁሉ አለ። አሠራሩን ታውቁታላችሁ። ሸክላው ጀርባው ላይ እየተጠማዘዘ የሚሄድ ቦይ ይወጣለታል። እዚያ ውስጥ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም የሚግለው ሽቦ፣ ይተኛል። ጄሶ ይሞላበታል። ከሥር ቆርቆሮ ይለብሳል፣ እግር ይበየድለታል፣ አክንባሎ ይከደንበታል። ሬዚስታንሱ ከውጭ ነው የሚመጣው። ሌላው በሙሉ እዚሁ የሚገኝ ነው። ምን አለሽ ተራ ብትገቡ ከአሮጌ በርሜልና ከተጣለ ቆርቆሮ የቤት ዕቃ ሲወጣ ታያላችሁ። እዚያ የሚቀጠቀጠው መዶሻ ስንቱን ቤተሰብ እንደሚያበላ እናንተም አትስቱትም።

ሲበላሽስ? ሬዚስታንሱ ከተበጠሰ ጄሶው ይነሳል፣ ሽቦው ይቀየራል። ሸክላው ከተሰነጠቀ ሸክላው ብቻ ይለወጣል። እግሩ ከላላ ብየዳ ቤት ይወሰዳል። አንድ ምጣድ ሁለት ሦስት ጊዜ ሸክላ ቀይሮ፣ ሽቦ ቀይሮ፣ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ አይቻለሁ። የሠራው ሰውም ያለበት ይታወቃል። ሸክላው በሳምንቱ ከፈረሰ ደጁ ድረስ ሄደው ይጮሁበታል፤ እሱም «እሺ እናቴ፣ አምጪው» ይላል። ለእኔ የአገር ውስጥ ምርት ዋነኛ ጥቅሙ ይህ ነው። የሠራው ሰው በታክሲ የሚደረስበት ቦታ ነው ያለው። ለተቃጠለ ዲቫይደር ጓንጁ ድረስ ሄዶ የሚጮህ የለም።

ይህን ስል ምጣድ ሠሪዎቻችንን ማወደሴ ብቻ አይደለም። ጉዳቸውንም አውቃለሁ። ብዙው ምጣድ ያመለጠውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስድ የምድር ሽቦ የለውም። ስለዚህ እናቶች «ትንሽ ይነዝራል» እያሉ የላስቲክ ጫማ አድርገው ይጋግራሉ። ይህ በ2018 ዓ.ም. ሊኖር የማይገባ ነገር ነው። ጄሶው ሲሳሳ ሙቀቱ ወደ ታች ያመልጣል፤ ሒሳቡ ይከፈላል፣ እንጀራው ግን አይበስልም። ሬዚስታንሱ ሲያጥር ደግሞ ምጣዱ ከተባለው ዋት በላይ ይስባል። የኢነርጂ ባለሥልጣኑ ለኤሌክትሪክ ምጣድ የኃይል ቁጠባ ደረጃና መለያ እስከማዘጋጀት ደርሶ ነበር። እኔ ጋ ከሚመጡት ምጣዶች ግን ያ መለያ የተለጠፈበት አላየሁም። የሠሪው ስም እንኳ የለበትም። ጥሩ የሚሠራውና የሚያጭበረብረው አንድ ላይ ተደርድረው ይሸጣሉ። ውጤቱም ያው የዲቫይደሩ ነው፤ ጥሩው ሠሪ የልፋቱን ዋጋ አያገኝም።

አሁን ወደሚጣለው ዕቃ እንመለስ። መብራት ሲጠፋ የምናበራው ቻርጅ የሚደረገው መብራት አለ አይደል? ብዙው ውስጥ ያለው ትንሽ ባለ 4 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ነው። ይህ ባትሪ ባዶ ሆኖ መቀመጥ ጠላቱ ነው። ደህና የተሠራ መብራት ባትሪው ሊያልቅ ሲል ራሱ ያቋርጣል። ርካሹ ግን የመጨረሻዋን ጠብታ ይመጥጣል። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ከሆነ ባትሪው ከዚያ ወዲያ አይዝም። ልቀይርለት ብል ብሎን የለውም። በሙጫ ነው የተጣበቀው። ሲከፈት ይሰበራል። ይኼ በስህተት የሆነ አይመስለኝም፤ እንዳይከፈት ተብሎ ነው የተሠራው።

አምፖሉም እንደዚያው ነው። ኤልኢዲ አምፖል ውስጥ ትንንሽ ብርሃን ሰጪ ቅንጣቶች በተርታ ተያይዘው ይገኛሉ። አንዷ ስትቃጠል ሁሉም ይጠፋሉ። አምራቹ ገንዘብ ለመቆጠብ ቅንጣቶቹን ያሳንሳል፣ በትንሿ ላይ ብዙ ኃይል ይጭናል፣ ሙቀት የሚያወጣውን ብረት ይቀንሳል። ከዚያ «ሃያ ሺህ ሰዓት» ብሎ ካርቶኑ ላይ ያትማል። ካርቶኑን ማን ይፈትሸዋል? ቻርጀር ውስጥ ያለው ካፓሲተርም፣ ኤሌክትሪክ እያጠራቀመ የሚለቀው ትንሽ ክፍል፣ እንደዚሁ ሙቀት አይወድም። በሥራ ላይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ቢቀንስለት ዕድሜው እጥፍ ገደማ ይሆናል። ጥቂት ብር የሚጨምር ካፓሲተርና አየር የሚያስገባ ቀዳዳ በቂ ነበር። የኛ ኤሌክትሪክ ደግሞ ሄዶ ሲመጣ እየዘለለ ነው። ለተረጋጋ መብራት እንኳ የማይበቃ ዕቃ እዚህ መጥቶ ስንት ቀን ይቆይ?

«የቻይና ዕቃ ስለሆነ ነው» የሚሉኝ ደንበኞች አሉ። አልስማማም። ቻይና ጥሩውንም መጥፎውንም ትሠራለች። እኔ የምጠግንበት መለኪያ ራሱ የቻይና ነው፤ ለዓመታት አልከዳኝም። ልዩነቱ ትዕዛዙ ላይ ነው። ነጋዴው ጓንጁ ይሄዳል፣ ወይም ዱባይ ድራጎን ማርት ይገባል። «ከዚህ ዋጋ በላይ አልሄድም» ይላል። ፋብሪካው «ይቻላል» ይላል። ሽቦው ይቀጥናል፣ ፊውዙ ይወጣል፣ ባትሪው ያንሳል፤ ቀለሙ ብቻ አይነካም። ተቆጣጣሪ በሚፈትሽበት አገር ይህን ማድረግ ያስፈራል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባል የለ? ስለዚህ ቻይናን መውቀስ አያዋጣንም። በሩን የምንጠብቀው እኛ ነን።

በር ከተጠበቀ ገበያ እንደሚስተካከል አይተናል። የፀሐይ ፋኖስ መጀመሪያ ሲመጣ የማይረባው ገበያውን ሞልቶት ነበር። ገበሬው አንዴ ገዝቶ ከተቃጠለበት «ፀሐይ አይሠራም» ብሎ ወደ ኩራዙ ይመለሳል። ከዚያ በዓለም ባንክ ቡድን በኩል ላይቲንግ ግሎባል የሚባለው መርሐ ግብር መለኪያ አወጣ። ፋኖሱ ስንት ሰዓት እንደሚያበራ ይፈተሻል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው እውነት መሆን አለበት። ቢያንስ የአንድ ዓመት ዋስትና ግድ ነው። ያንን ያለፈ ፋኖስ እጄ ላይ ሲመጣ ደስ ይለኛል። ብሎን አለው። ባትሪው ይወጣል። ለፋኖስ የሆነው ለዲቫይደርና ለቻርጀር የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለ ዋጋም እናውራ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ከዚያ ወዲህ ርካሽ የምንለው ዕቃ ርካሽ አይደለም። ርካሽነቱ ከአጠገቡ ካለው ጋር ሲወዳደር ብቻ ነው። አንዱ ዲቫይደር 500 ብር፣ አንዱ 1,500 ብር ነው እንበል። የ500ው በየአራት ወሩ ከተቃጠለ በዓመት 1,500 ብር ወጣ። የ1,500ው አምስት ዓመት ከቆየ በዓመት የሚደርሰው 300 ብር ነው። ይህን ሒሳብ የማያውቅ ገዢ የለም። ችግሩ 1,500 ከፍሎ ያው የ500ው ዓይነት ሊሰጠው መቻሉ ነው። ውድ ብሎ ገዝቶ የተታለለ ሰው ዳግመኛ ውድ አይገዛም። አገሪቱም ላልቆየ ዕቃ ዶላር ታወጣለች፣ ለምትኩም ሌላ ዶላር ታወጣለች።

ጊዜውም አሁን ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። 5,150 ሜጋዋት ማመንጨት የሚችል ግድብ ማለት ብዙ ሰው ከከሰልና ከእንጨት ወደ ኤሌክትሪክ ይሸጋገራል ማለት ነው። ሲሸጋገር ምጣድ ይገዛል፣ ስቶቭ ይገዛል፣ ገመድ ይገዛል፣ ሶኬት ይገዛል። ይህ ሁሉ ገዢ ከማን ይግዛ? ግድቡን በኪሳችን ቦንድ ገዝተን ሠራነው። ብርሃኑን በሚቀልጥ ሶኬት ልንቀበለው ነው?

ክቡራን የንግድ ሚኒስቴር ኃላፊዎች፣ አዲስ ሕግ አውጡ አልልም። ያለው አለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ይህን የሚያውቅ ገዢ ብዙ አይደለም። የሚያውቀው ደግሞ ሱቁ ግድግዳ ላይ በትልቁ የተለጠፈውን ነው፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ ላይ ነው፤ ልጥፉ በየሱቁ ነው። የትኛው ተሰሚነት እንዳለው ለእናንተ እተዋለሁ።

ደረሰኝም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። «በደረሰኝ ከሆነ ዋጋው ሌላ ነው» ይባላል። ገዢው ጥቂት ብር ለማትረፍ ደረሰኙን ይተወዋል። ከዚያ ሱቅ መግዛቱን የሚያሳይበት ማስረጃ ስለማይኖረው መብቱም አብሮ ይቀራል። ገቢዎች ደረሰኝ ቁረጡ የሚለው ለግብር ነው። ለገዢው «ደረሰኝህ ዕቃህን የምትመልስበት ወረቀት ነው» ብሎ የነገረው ቢኖር ደረሰኝ የሚጠይቀው ሕዝቡ ራሱ ይሆን ነበር። ማስታወቂያ ስታስነግሩ ይህንንም አንድ ቦታ ላይ አስገቡልን።

15 ቀን ግን ለኤሌክትሪክ ዕቃ አይበቃም። ቀጭን ሽቦ ያለው ዲቫይደር ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ወደ አገር የሚገባም ሆነ እዚህ የሚሠራ ማንኛውም የኤሌክትሪክ ዕቃ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዋስትና በጽሑፍ ይኑረው። ዋስትናውን የሚሰጠውም ቸርቻሪው ብቻ አይሁን። ቸርቻሪው ድሃ ነው፤ እሱም ካርቶን ተሸክሞ ገዝቶ ነው የሚሸጠው። አስመጪው ይጠየቅ። ስሙ፣ አድራሻው፣ ስልኩ በአማርኛና በሌሎች የአገር ቋንቋዎች ካርቶኑ ላይ ይጻፍ። ስሙን ለመጻፍ የሚያፍር አስመጪ ያን ዕቃ ማስገባት የለበትም። ይህን አንድ ነገር ብቻ ብታደርጉ ግማሹ ቆሻሻ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሳይደርስ ይቀራል ብዬ አምናለሁ።

አስገዳጅ ደረጃ የወጣላቸው ዕቃዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ የኤሌክትሪክ ገመድም ከእነሱ አንዱ ነው። የደረጃዎች ኢንስቲትዩት አለ፣ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት አለ፣ የጥራት መንደርም ተመርቋል። መሣሪያው ካለ ከወደብ ናሙና እስኪመጣ ብቻ አትጠብቁ። እንደ ማንኛውም ሰው መርካቶ ግቡና ከመደርደሪያ ላይ ግዙ። ከዚያ ፈትሹ። ውጤቱን ከነምርቱ ስም አውጁ። የወደቀ ዲቫይደር ስሙ በቴሌቪዥን ሲነበብ የሚያመጣው ለውጥ ከመቶ ስብሰባ ይበልጣል።

ክቡራን የኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ኃላፊዎች፣ ለእናንተ ደግሞ ሌላ ልመና አለኝ። «የአገር ምርት» የሚለውን ነገር ግልጽ አድርጉልን። ተገጣጥሞ የሚወጣና ተሠርቶ የሚወጣ አንድ አይደለም። መገጣጠምን እየናቅሁ አይደለም። ትራንሽን የተባለው የቴክኖ ስልክ ኩባንያ ከ10 ዓመት በላይ እዚህ ሲገጣጥም ኖሯል። የስልኩ ክፍሎች ከውጭ ነው የሚመጡት። ያም ሆኖ ለጠጋኝ ጥቅም አለው። የቴክኖ ስክሪን በየሰፈሩ ይገኛል፤ ባትሪው ይገኛል፤ አስተካካይ ልጅ በየጥጉ አለ። ስሙ የማይታወቅ ስልክ ይዞ የሚመጣ ሰው ግን ስክሪኑ ከተሰበረ አለቀለት። ስለዚህ ገጣጣሚን ስትመዝኑ «ስንት ሠራተኛ ቀጠረ?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። «መለዋወጫ ያቀርባል ወይ? ለስንት ዓመት?» ብላችሁ ጠይቁ። ፈረንሳይ በ2021 እ.ኤ.አ. ስልክና ቴሌቪዥን የመሳሰሉ ዕቃዎች ላይ ለጥገና ያላቸውን ምቹነት ከ10 ነጥብ ሰጥታ ማስለጠፍ ጀመረች። ሀብታም የሆነው አገር ለመጠገን ይህን ያህል ከተጨነቀ እኛማ ምን ያህል እንጨነቅ?

የመለዋወጫ ጉዳይ ለእኛ ለጠጋኞች ራስ ምታት ነው። አዲስ ዕቃ በኮንቴይነር ይገባል። ሬዚስታንስ፣ ካፓሲተር፣ ቴርሞስታት፣ ባትሪ ግን በሻንጣ ጥግ ተወሽቆ ነው የሚመጣው። ሻንጣ ያመጣው ሰው ደግሞ ዋጋውን እንደ ልቡ ይቆርጣል። አንዳንዴ ሰው ዕቃውን እንዳይጥለው ብዬ ሠርቼ ስሰጠው የክፍሉ ዋጋ ከአዲሱ ዕቃ ሊስተካከል ይደርሳል። ታዲያ ማን ያስጠግን? ለምጣድ ሠሪውም ለጠጋኙም የሚሆን ክፍል በመደበኛ መንገድ፣ በቀለለ ቀረጥ እንዲገባ አድርጉ። ያለቀለት የሚጣል ዕቃና ዕድሜ የሚያስረዝም ክፍል በአንድ ዓይን መታየት የለባቸውም።

ለምጣድ ሠሪዎች ደግሞ ቅጣት ይዛችሁ አትሂዱ፤ ትምህርት ይዛችሁ ሂዱ። የምድር ሽቦ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያሳይ፣ ዋቱን የሚለካ ባለሙያ በየክፍለ ከተማው ይመደብ። ከዚያ የብረት ምልክት ይስጣቸው፦ የሠሪው ስም፣ ዋቱ፣ የተሠራበት ዓመት። ስም የሚያስከብር ነገር ነው። አሁን እኮ የምናየው ተቃራኒውን ነው። መርካቶ ውስጥ በገዛ እጁ ጥሩ ጫማ የሠራ ልጅ «የጣሊያን» የሚል ማኅተም ይለጥፍበታል። ጫማው ጥሩ ነው፤ ውሸቱ ማኅተሙ ላይ ብቻ ነው። ለምን እንደሚያደርገው ስትጠይቁት «የኢትዮጵያ ካልኩ በግማሽ ዋጋ ነው የሚጠይቁኝ» ይላል። ይህ ልጅ አጭበርባሪ አይመስለኝም። ስሙ ዋጋ የማያወጣበት ገበያ ውስጥ ስለሆነ ነው።

መንግሥትም እኮ ትልቅ ገዢ ነው። የግዥ ሕጉ ለአገር ውስጥ ምርት ቅድሚያ እንደሚሰጥ ሰምቻለሁ። በተግባር ግን ጨረታው የሚሄደው ዝቅተኛ ዋጋ ላቀረበው ነው። ከዚያ በዓመቱ የማይሠራ ፕሪንተርና የሞተ የኮምፒውተር ባትሪ መጋዘን ይሞላል። የጨረታ ሰነዱ ላይ «ዋስትና ስንት ዓመት? መለዋወጫ የት ይገኛል? ጠጋኙ ማን ነው?» የሚሉ ሦስት ጥያቄዎች ነጥብ ይያዝላቸው። አገር ውስጥ ያለ አምራች እነዚህን ጥያቄዎች ከማንም በተሻለ ይመልሳል።

በውጭ ለሚኖሩ ወገኖችም አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ከጅዳ፣ ከዱባይ፣ ከቤይሩት በካርጎ የምትልኩት ጁስ መፍጫና ካውያ ልፋታችሁ ነው፤ ቤተሰብ በደስታ ነው የሚቀበለው። ግን ስትገዙ ርካሹን ሦስት ከምትልኩ የሚበረክተውን አንድ ላኩ። ከቻላችሁ ቢላውንና ብሩሹን ለብቻ ጨምሩበት። እዚህ መለዋወጫው ስለማይገኝ ደህና ዕቃ በአንዲት ላስቲክ ምክንያት ይጣላል።

የሚጣለው ደግሞ የትም አይጠፋም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ያወጡት ጥናት እንደሚለው በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ወጥቷል። በአግባቡ ተሰብስቦ እንደገና ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው ሩብ እንኳ አይሞላም። እኛም ጋ የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝ ደንብ ቁጥር 425/2010 አለ። በተግባር ሥራውን የያዙት ቆራሌዎች ናቸው። መዳቡን ለማውጣት ገመዱን ያቃጥላሉ፤ ጭሱን ይተነፍሱታል። የእርሳስ ባትሪ በባዶ እጃቸው ይሰብራሉ። ልጆች ናቸው ብዙዎቹ። አስመጪው የሸጠውን አሮጌ ዕቃ መልሶ እንዲሰበስብ ቢገደድ እነዚህ ልጆች ጓንትና ደመወዝ ያላቸው ሰብሳቢዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ደግሞ መልሶ እንደሚሰበስበው ያወቀ ነጋዴ ቶሎ የሚሞት ዕቃ አያዝዝም።

ይህን ሁሉ ስጽፍ የእኔን እንጀራ የምቃወም መስሎ ሊታይ ይችላል። ዕቃ ካልተበላሸ ጠጋኝ ምን ይበላል? እውነቱን ልንገራችሁ፦ የሚጣል ዕቃ ለጠጋኝ እንጀራ አይሆንም። ተከፍቶ የማይጠገን ዕቃ ይዞልኝ የመጣ ሰው «አይሠራም» ስለው ያዝናል እንጂ አይከፍለኝም። የሚያበላኝ የሚጠገን ዕቃ ነው።

ሱቄ ጓሮ የተቃጠሉ ዲቫይደሮች፣ የቻርጀር ቦርዶችና የሞቱ ባትሪዎች በማዳበሪያ ከረጢት አስቀምጫለሁ። በእያንዳንዱ ላይ የተበላሸበት ምክንያት በማርከር ተጽፎበታል። የምጣዶቹንም ለብቻ ለይቻለሁ፤ ጥፋቱ የኛ ሠሪ የሆነበትንም አልደበቅሁም። ከሁለቱ መሥሪያ ቤቶች አንዱ ባለሙያ ከላከ ከረጢቱን ከፍቼ አንድ በአንድ አሳየዋለሁ። ወስዶ ላቦራቶሪ ማስፈተሽ ከፈለገም ይውሰደው፤ በደረሰኝ አስረክበዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቤት ዕቃ ጠጋኝ፣ አዲስ አበባ